ከሦስት ጀምሪ

ይህ ቢጫ ሜትር ጫፉ ተበልቷል፣
አንድና ሁለት ቁጥሩ ጠፍቷል፤
ስትለኪበት ከሦስት ጀምሪ፣
ሦስቱን ከድምሩ ቀንሰሽ ቁጠሪ።

እኔም ሳስታውሳት እንዲሁ ነኝ መሰል፤ መጀመሪያዋ የለኝ፣
ከየት ተነሥታ ጅማ እንደ ገባች በቅጡ ማን ነገረኝ?
የሰማሁት ይህን ነው፦
ጀርመን አገር፣ ወንዝ ዳር፣ አባቷ ልብስ ሰፊ፣ ወንድሟ ልብስ ሰፊ፣
እሷ ግን ክር ለቃሚ፣ እሷ ብጣሽ ደፊ።
እጇ ከወንድሟ እንደሚሻል ቢያውቁም፣
የሙያ ማኅበሩ ሹሞች ለሴት ወረቀት አልሰጡም።
ሰባት ዓመት ደጃቸው ቆመች፣
በስምንተኛው ተቀበለች፤
ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ዐርፋ መቀመጥ ስትችል፣
የሰፈሯን ሴቶች ታስተምር ጀመር በምድር ቤት ክፍል።

ቀሪው የእኔ ነው። ያየሁት።

ሄርማታ ገበያ ጀርባ፣ አዌቱ ሲሞላ ጭቃው ደፍ የሚደርስበት፣
ጣሊያን ቡና ያከማችበት የነበረ ቆርቆሮ ቤት፣
አሥራ አንድ ሲንጀር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣
ዝናብ ሲወርድ ድምጿ የማይሰማ ቀጭን እንግዳ።

አዴ ኤርና አልናት።
አማርኛዋ ወገቡ ሰፊ፣ እጅጌው አጭር፣
"አንቺ" የሚል ቃል አልነበረውም፤ ሁላችን "አንተ" ነበርን።
"ሸምሲያ፣ ና! ወዲህ ተቀመጥ!
ራውዳ፣ ዘርጋ! አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ!"
ከቦንጋ የመጣችው ጥሩዬ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፣
ሴትዮዋም ከምን እንደሚሳቅ ሳይገባት አብራ ትስቃለች።

አላረምናትም።
ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።
ቤታችን "አምጪ"፣ "አቅርቢ"፣ "ዝም በዪ" ነበር የምንሰማው፤
"ቁረጥ" ግን፣ ጨርቅም ይሁን ነገር፣ ለወንድ ነው የሚሰጠው።

አንድ ቀን አባቴ አባ መጫ መጣ፣ ጃንጥላው እየተንጠባጠበ፣
በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ አንድ ዙር ከበበ፤
"እመት፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰሙም?"
ደብተሯን አወጣች፣ ቃል በቃል ጻፈች፣ አልተቆጣችም፤
"ያልቅ" የሚለው ላይ እርሳሷን አቆመች፣
"ምኑ ነው የሚያልቀው? ክሩ ነው? ጨርቁ?" ብላ ጠየቀች።

አባቴ አፉን ከፈተ። ዘጋ።
ቆይቶ የኮቱን ጠርዝ አሳያት፣ ከከረመ የተተረተረውን፦
"ይሄ አልቋል።"
ወደኔ ዞረች። "ሸምሲያ፣ ስፋ።"
ሰፋሁ። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ሳበ፤ አልላላም፤
ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ፤ ተረቱንም ዳግም አላነሣም።

በስድሳ ሰባት፣ ጥር ላይ፣ ሰዎች በጂፕ መጡ፣ መኪኖቹን ቆጠሩ፣
ለዘማች ልብስ ይፈለጋሉ ብለው ተናገሩ።
ለሷ ሦስት ቀን ሰጧት።
ያኔ ሰማች መሰል የሴቱን ግሥ፣ ከነማኅተሙ፦
"ውጪ።"

ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ በአንገቴ አጠለቀችው።
የሆነ ነገር አለች፤ ቆርቆሮው ዋጠው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ፖስታ መጣልኝ፤ ፊደሉ የሕፃን ልጅ ይመስላል፣
"ሸምሲያ፣ አሁንም ቁረጥ" ይላል፤
"ጥ" በቀይ ተሰርዞ፣
"ጪ" ከላይ ተጽፎበታል።
እዚያ አገር ማን አረማት? ወይስ ኋላ ራሷ ደረሰችበት፣
እኛን አስባ፣ ጥሩዬ ጠረጴዛ ሥር የገባችበትን ሳቅ ሰምታው በሌሊት?
መልስ ጻፍኩ። ፖስታው ተመለሰ።

እና አንቺ ትናንት፣ "ይህን አሮጌ ሜትር ለምን አይጥሉትም?
አዲሱ አርባ ብር ነው" አልሽኝ።
ነው። ርካሽ ነው።
ነይ፣ ጨርቁን ዘርጊ። ጠመኔው ወዲህ።
ከሦስት ጀምሪ። ቀንሺ። ድገሚው፣ አሥር አልሞላም።

አሁን ቁረጪ፤
መብራቱ ሳይሄድ።